ቀይ ክር የታሰረበት ቅል

ረቡዕ ጠዋት ወለተሐና እንደ ወትሮዋ ከዶሮ ጩኸት በኋላ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ጸሎቷን አደረሰች፤ የቅመም ቤቱን በር ግማሹን ብቻ ከፈተች። ብርሃን የበርበሬን ቀለም ይበላል ስለምትል ያ ቤት መስኮት አልነበረውም። ረዳቷ በሰለች እሳቱን አቀጣጠለች፤ ብረት ምጣዱን ጣደች። መጀመሪያ ድንብላሉ፣ ቀጥሎ ጥቁር አዝሙዱ፣ በመጨረሻ ኮረሪማው ታመሰ። ከዚያ ሙቀጫው ሲደለቅ ቆየ። የአንኮበር ጭጋግ ከገደሉ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ከታች ከአሊዩ አምባ የሚመጡ የአህዮች ኮቴ ይሰማል።

ዘመኑ ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት ነው። የግቢው እመቤት ወይዘሮ እናናየሁ አንድ ልጃቸውን ኃይለሚካኤልን ቅዳሜ ወደ ዘመቻ ሊሸኙ ስንቅ ያዘጋጃሉ። ሐሙስ በሬ ይታረዳል፤ ሥጋው ተዘልዝሎ በደረቅ ቅመም ይታሻል፤ በገመድም ይሰቀላል። ስለዚህ ወለተሐና በዚያ ጠዋት ሦስት ዓይነት ቅመም አዘጋጀች። አንዱ ለቤቱ ቋንጣ የሚሆን፣ በትልቅ ገንቦ የተሞላ ነው። ሁለተኛው ነጋዴው ሙሳ ከአዋሽ ላመጣው ዓሣ ዝንጅብል የበዛበት ነው። ሦስተኛው ለኃይለሚካኤል የግል ስንቅ በአንዲት አፈ ጠባብ ቅል የተሞላ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ እናናየሁ ወደ ቅመም ቤቱ ደጃፍ መጡ። የቤቱ ልማድ ነው። ወለተሐና ቅሉን ከፍ አድርጋ ታሸታለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ የቆመው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ «ደረሰ» ትላለች፤ አፉንም በቀይ ክር ታስራለች። አንዴ ከታሰረ ባለቤቱ እስኪፈታው ማንም አይነካውም። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲደረግ ኖሯል።

በዚያም ጠዋት «ደረሰ» አለች።

የወይዘሮ እናናየሁ ሟች ባል ወንድም ባላምባራስ አበባው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበርና፣ «እንግዲህ የወንድሜ ልጅ በመንገድ አይራብም!» ብለው ሳቁ። ሌላውም ሳቀ። ቅሉ ከግድግዳው ላይ ተሰቀለ። እኩለ ቀን ሲሆን ሰዉ ለቅዳሴ ወደ ሚካኤል ወጣ።

ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ወለተሐና ሞተች።

* * *

አለቃ ዘርአ ዳዊት በዚያው ጠዋት በወይዘሮ እናናየሁ ተጠርተው በበቅሎ ሲደርሱ በግቢው በር ላይ ዱላና ጦር የያዙ ሰባት ሰዎች አገኙ። አለቃ ለዳኞች ፍትሐ ነገሥት የሚያነቡ፣ አንድ እግራቸው የሚያነክስ፣ ትንሽ ሰውዬ ናቸው። ሌባሻይ ያልቻለውን እርሳቸው ይችሉታል ይባላል፤ እርሳቸው ግን ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ።

ከሰባቱ አንዱ መንገድ ዘጋባቸው። የሟች ወንድም ገብረአብ ነው።

«አለቃ፣ አንቱን ለማየት አልመጣንም። ልጅቱን፣ በሰለችን፣ ይስጡንና እንሂድ።»

«እኅትህ ተቀበረች?»

«ገና ናት።»

«እንግዲያስ እርሷን ቅበር። የሞተውን ሳይቀብሩ ያልሞተውን አይፈልጉም።» ገብረአብ መንገድ ለቀቀላቸው።

ወይዘሮ እናናየሁ በእልፍኛቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀብለው ነገሩን ባጭሩ ነገሯቸው። ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የቤቱ ሴቶች ጾማቸውን ገደፉ። ሲመሽ ወለተሐና መለፍለፍ ጀመረች። ሰዉ ቡዳ በላት አለ፤ ጠበል ተረጨች፤ አልተሻላትም።

«ስትለፈልፍ ምን ምን ትል ነበር?»

«ቅመም ትቆጥራለች። ድንብላል፣ አዝሙድ፣ ቅርንፉድ... እንደገና ድንብላል። እጇ ከአየር ላይ ክር የሚለቅም ይመስላል። ውኃ ውኃ ትላለች፤ ሲሰጧት አይዋጥላትም።»

«ፊቷስ?»

«እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። ዓይኗ ደግሞ...» ወይዘሮ እናናየሁ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ብሌኗ ዓይኗን ሞልቶት ነበር። ኩል የተደፋበት ይመስል ነበር፣ አለቃ። የመብራቱ ብርሃን ሲያርፍባት ትጮህ ነበር።»

አለቃ ዘርአ ዳዊት መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። በቅኔ ቤት ሳሉ ትምህርት ይገባኛል ብሎ አብሾ የጠጣ ጓደኛ ነበራቸው። እርሱም ከአየር ላይ ክር እየለቀመ፣ በእነዚያው ዓይኖች እያያቸው ነው የሞተው።

«ቡዳ አይደለም» አሉ። «አስተናግር ነው። አብሾ የሚሠራበት፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው። ፍሬውን በልታለች።»

«ይኸውላ! የመጨረሻውን ውኃ በዋንጫ ለብቻዋ የሰጠቻት በሰለች ናት። ንፍሮውን አብረው ከአንድ ገበታ በልተዋል፤ ሌላ የታመመ የለም። ልጅቱን ጠየቅናት፤ አልናገርም አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለወለተሐና ወንድም አስረክባታለሁ ብያለሁ።»

«ሴቲቱ ቅመም ቤት ውላ ቅመሙን አልጠረጠራችሁም?»

ወይዘሮ እናናየሁ በኀዘን መካከል ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «አለቃ፣ ወለተሐና ኮረሪማ አሽታ የየት አገር እንደሆነ የምትናገር ሴት ነበረች። መርዝ የገባበትን ነገር አፏ ድረስ ታመጣለች? አፍንጫዋ አይፈቅድላትም።»

«ይሁን» አሉ አለቃ። «አፍንጫዋ የኖረበትን ቤት ያሳዩኝ።»

* * *

የቅመም ቤቱ ጨለማ ነበር። አለቃ ዓይናቸው እስኪለምድ በሩ ላይ ቆዩ። ከዚያ ከኮረሪማውና ከቅርንፉዱ መዓዛ ሥር ሌላ ሽታ መጣባቸው። ተከትለውት ሄዱ። ወለተሐና የምትተኛበት መደብ ራስጌ ካለው ሣጥን ጀርባ አንድ የሞተ አይጥ አገኙ።

ወይዘሮ እናናየሁ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ወይ ጉድ! ይህ መቼ ሞተ?»

«አራት ቀን ሞልቶታል። ከትራሷ አንድ ክንድ አይርቅም።»

ከግድግዳው ላይ ሃያ ሁለት የቆዳ ከረጢቶች በተርታ ተሰቅለዋል። አለቃ አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ ቋጠሮ አለ፤ በአንዱ አንድ፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው ሦስት። ቋጠሮዎቹ አዲስ ናቸው።

ከዚያ ቅሉን አወረዱ። ቀይ ክሩ በጥድፊያ የታሰረ ነው። ወደ ደጅ አወጡትና በነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ አፈሰሱ፤ በወንፊትም ነፉት። ዱቄቱ ሲያልፍ ያልላሙ ጠፍጣፋ የፍሬ ስብርባሪዎች በወንፊቱ ላይ ቀሩ። ከገንቦውም አፈሰሱና ነፉ። በዚያም ጠፍጣፋ ስብርባሪ ቀረ።

«በሁለቱም የበርበሬ ፍሬ አለ ማለት ነው» አሉ አለቃ።

ወይዘሮ እናናየሁ ወደ አለቃ ቀረብ አሉ። ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«በገንቦው ነው እንጂ በቅሉ በርበሬ የለም።»

«እንዴት?»

«ልጄ አፉ እየቆሰለ በርበሬ ከተወ ዓመት ሊሞላው ነው። ለዘመቻ የሚወጣ ጎበዝ በርበሬ ፈራ ቢባል የሠራዊት መሳቂያ ይሆናል። ወለተሐና ያለ በርበሬ ታዘጋጅለታለች። የምናውቀው እርሱ፣ እርሷ፣ በሰለችና እኔ ብቻ ነን።»

አለቃ ስብርባሪዎቹን በጣታቸው ጫፍ አገላበጡ። በጨርቅ ቋጥረው በኪሳቸው ከተቱ፤ እጃቸውንም በአመድና በውኃ ደጋግመው ታጠቡ።

«ቅዳሴ ላይ ሳላችሁ በግቢው ውስጥ ማን ማን ቀረ?»

«በሰለች ንፍሮውን ልትጥድ ቀድማ ተመልሳለች። ሙሳ የአህያው ኮቴ ቆስሎ አላስኬድ ብሎት እዚሁ ዋለ። ባላምባራስ አበባው ምች መቷቸው ተኝተው ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።»

* * *

በሰለች በእህል ጎተራው ውስጥ እጇ በገመድ ታስሮ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃያ ቢሆን ነው። አለቃ ገመዱን ትንሽ አላሉላት፤ ፊት ለፊቷም ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«ትናንት ያ ቅል ከታሰረ በኋላ ተፈቷል። ማን ፈታው?»

በሰለች ፊቷን አዞረች።

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ወለተሐና ናት?»

«አልናገርም፣ አለቃ። ምያለሁ።»

«ለማን?»

«ለእርሷ።»

«ሞታለች እኮ፣ ልጄ።»

«የሞተ ሰው መሐላ ይፈታል እንዴ?»

አለቃ በብዙ ዳኞች ፊት ብዙ ጥያቄ መልሰዋል። ይህ ግን ከመጽሐፍ የሚመለስ አልነበረም።

«አይፈታም» አሉ በመጨረሻ። «አልጠይቅሽም። ስለ ሥራሽ ብቻ ንገሪኝ። አንዲት ቅመም ወቃጭ ዓይኗን ቢበላት ምን ታደርጋለች?»

በሰለች ካለችበት ጭንቅ ውስጥ ሆና ቀና ብላ አየቻቸው። «ትችለዋለች እንጂ ምን ታደርጋለች! እጇን በአመድ ሳትታጠብ ዓይኗን አትነካም። የነካች እንደሆነ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አይለምዳትም።»

«እንዲህ ያለውን የማያውቅ ማነው?»

«ሙቀጫ ነክቶ የማያውቅ ነዋ፤ ጌታ የሆነ።»

ሙሳን ከአህያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጺሙ የሸበተ፣ ዓይኑ የሚስቅ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

«አለቃ፣ እስላም ነጋዴ ስለሆንኩ ነው መጀመሪያ የምጠየቀው?»

«ሁለተኛ ነህ። ሰው አትቅደም።»

ሙሳ ሳያስበው ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ዳበሰ። «አላህ ይርሐማት። ሃያ ዓመት ሸጬላታለሁ። ድሮ ገና ከረጢቱን ሳልፈታ ‹ሙሳ፣ ይህ ኮረሪማ ከከፋ አገር የመጣ አይደለም፤ አታሞኘኝ› ትለኝ ነበር። ወላሂ ትፈርድብኝ ነበር።»

«ድሮ አልክ?»

«ከክረምቱ ወዲህ ትነክሰዋለች። ያ ጉንፋን ግቢውን ሁሉ ካስተኛ ጀምሮ። ፍሬውን በጥርሷ ሰበር አድርጋ በምላሷ ታመላልሰዋለች። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«የበርበሬ ቅል ሲከፈት ምን ይሆናል?»

«ያስነጥሳላ! እኔ አርባ ዓመት ለምጄው እንኳ ያስነጥሰኛል።»

አለቃ የሙሳን ሁለት ዓይኖች በፀሐዩ ብርሃን ቆመው አዩአቸው። ከዚያ አመስግነው ሄዱ።

ባላምባራስ አበባው በራቸውን ዘግተው፣ በኩታቸው ፊታቸውን በግራ በኩል ሸፍነው ተጋድመዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከበሽተኛ የሚወጣ አይመስልም።

«ይግቡ፣ አለቃ። በሩን መለስ ያድርጉልኝ፤ ብርሃን አልችልም። ምች ነው።»

«እግዚአብሔር ይማርዎ። መቼ ጀመረዎ?»

«ትናንት ገና ጠዋት ነው። ቅዳሴ እንኳ ቀረሁ።»

«ዳማከሴ ታሽቶልዎታል?»

«ሴቶቹ አሽተውልኛል፤ ሁለት ጊዜ።»

አለቃ ቀስ ብለው አየሩን ሳቡ። የጠጅና የቆዳ ሽታ ነበር። የዳማከሴ ሽታ ግን ምንም የለም።

«ይህ የገረድ ነገር ምን አስቸገረዎ?» አሉ ባላምባራስ። «ደም አለ፤ ባለደም በር ላይ ቆሟል፤ ይስጧቸውና ይለቅ። የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ መንገደኛ ነው። ስንቁ ሳይሰናዳ ግቢው ለቅሶ ሆነ።»

«ስንቁንም አይቼዋለሁ። በዚያች ቅል ውስጥ ምን እንደተሰናዳለት ያውቃሉ?»

«ምን ይሰናዳል! በርበሬ ነዋ። ወንድ ልጅ በርበሬ ሳይዝ ይዘምታል?»

«እውነትዎን ነው» አሉ አለቃ፤ ወጡም።

ኃይለሚካኤልን ከበቅሎው ዘንድ አገኙት። ገና ጺም ያልወጣለት፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ አጎቱ ትናንት ጠዋት የት ነበሩ?

«እዚሁ ነበሩ። በቅሎዬን ፀሐይ ላይ አቁመው ጥርሷን ሲቆጥሩ። አርጅታለች ብለው ሲስቁብኝ ነበር።»

«ፊታቸውን ተሸፍነው?»

«ኧረ አልተሸፈኑም!»

* * *

ወለተሐና በስምንት ሰዓት ተቀበረች። ሰዉ ከሚካኤል ሲመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ አዘንብላ ነበር። ገብረአብና ሰዎቹ ወደ ግቢው ገቡ፤ የሚከለክላቸው አልነበረም።

አለቃ ዘርአ ዳዊት ሁሉንም ወደ ቅመም ቤቱ አስጠሩ። በጨለማው ውስጥ በግድግዳው ሥር ወይዘሮ እናናየሁ፣ ኃይለሚካኤል፣ ሙሳና ባላምባራስ አበባው ተቀመጡ። ባላምባራስ አልመጣም ብለው ነበር፤ ብርሃን የሌለበት ቤት ነው ሲባሉ መጡ። በሰለች እንደታሰረች መካከል ቆመች። ገብረአብ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ፀሐይዋ ወርዳለች፣ አለቃ» አለ።

«ለምናገረው ትበቃለች። መጀመሪያ ሁላችሁ ያላችሁትን ልድገም። መርዙ ከቅመሙ ሊሆን አይችልም፤ የወለተሐና አፍንጫ ያውቀው ነበርና። ስለዚህ ከበሰለች እጅ ነው። እንዲህ አይደል ያላችሁት?»

«እንዲህ ነው» አለ ገብረአብ።

«እኅትህ አራት ቀን ሙሉ ከሞተ አይጥ አጠገብ ተኝታለች። እመቤትዋ በር ላይ ሆነው አፍንጫቸውን ይዘዋል፤ እርሷ ግን አላወቀችም። ከረጢቶቿን በጣቷ ለመለየት ቋጠሮ አስራባቸዋለች። ኮረሪማውን ማሽተት ትታ መንከስ ጀምራለች። በሰለች፣ አንቺ አትናገሪ። እኔ ነኝ የምናገረው። ወለተሐና ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ማሽተት አትችልም ነበር።»

በሰለች ራሷን ደፍታ ታለቅስ ጀመር።

ወይዘሮ እናናየሁ «በየጊዜው በፊቴ እያነሣች...» አሉ።

«ያነሣችው ልማዱ እንዳይቀር ነው። ‹ደረሰ› ያለችውም ለእናንተ ነው። ለራሷ ግን ሌላ ሥርዓት አበጅታ ነበር። ሰው ሲበተን የታሰረውን ፈትታ በምላሷ ትመረምራለች። ትናንት ጾም ስለነበረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየች። አሁን ልጄ፣ ምሥጢሩን የገለጥኩት እኔ ነኝ፤ መሐላሽ አልፈረሰም። የቀረውን ንገሪን።»

በሰለች እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች።

«ይመርራል አለች። ‹አንድ ነገር በዝቷል፤ የቱ ነው?› እያለች ደጋግማ በመዳፏ ላሰች። እማማ፣ ይብቃሽ አልኳት። ‹ለልጁ እንዲህ ያለ ቅመም ሰጥቼ አልሰድም፤ የበዛውን ሳላውቅ አልተኛም› አለችኝ። ነገ ደግመን እንሠራዋለን ብላ አሰረችው።»

ኃይለሚካኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«በቅሉ ውስጥ የተወቀጠ የአስተናግር ፍሬ አለ» አሉ አለቃ። «ሰባብሮ መጨመሩ ለምንድን ነው? የአስተናግር ፍሬ ጠፍጣፋ ነው፤ የበርበሬ ፍሬ ይመስላል። ያደረገው ሰው ከበርበሬው ጋር ይመሳሰልልኛል ብሏል። ነገር ግን በዚያች ቅል በርበሬ የለም።»

ባላምባራስ አበባው በጨለማው ውስጥ ተንቀሳቀሱ።

ኃይለሚካኤል ቀና አለ። «እኔ በርበሬ አልበላም» አለ፤ በሰው ፊት ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። «ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ስለዚህ ይህን ያደረገው በርበሬ እንደሌለ የማያውቅ ሰው ነው። በሰለች ቅመሙን በእጇ ወቅጣዋለች፤ ታውቃለች። እመቤትም ያውቃሉ። ሙሳ አያውቅም ነበር፤ ግን ቅሉን ቢከፍት ሳያስነጥሰው ሲቀር ያውቅ ነበር። ደግሞ ሁለቱ፣ በሰለችና ሙሳ፣ ወለተሐና በምላሷ እንደምትመረምር ያውቃሉ። አንዴ ከታሰረ አይከፈትም ብሎ የተማመነ ሰው እንደ እናንተ ልማዱን ብቻ የሚያውቅ ነው። ቅሉ የኃይለሚካኤል ነው። ቢሞት በቆላ መንገድ ላይ ይሞት ነበር፤ ንዳድ ገደለው ይባል ነበር። የአባቱ ርስትም ወደ አጎቱ ይዞር ነበር።»

«አንተ አንካሳ!» አሉ ባላምባራስ ብድግ ብለው። «በወሬ ነው ሰው የምትሰቅለው? ያየኝ አለ?»

«የለም። አሁን ግን ሁላችንም እንይዎ። እስቲ ወደ ደጅ እንውጣ።»

ገብረአብ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። የመጨረሻዋ ፀሐይ በቀጥታ በደጃፉ ላይ ወድቃ ነበር። ወይዘሮ እናናየሁ ወጡ፤ ሙሳ ወጣ፤ ኃይለሚካኤል ወጣ፤ በሰለችም ወጣች። ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጡ የሁሉም ብሌን ጠበበ፤ እንደ ኑግ ፍሬ ሆነ። ባላምባራስ በበሩ ደፍ ላይ ቆሙ።

«ኩታዎን ያንሡ» አሉ አለቃ። «ቅመም የሚወቅጥ ሰው እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን አይነካም። ያልለመደ ሰው ግን አስተናግር በወቀጠ እጁ ይነካል። በምች የተመታ ሰው ዳማከሴ ይሸታል፤ እርስዎ አይሸቱም። ትናንት ጠዋት በፀሐይ ላይ የበቅሎ ጥርስ ሲቆጥሩ ነበር። ብርሃን የከለከለዎ ከቅዳሴው ሰዓት በኋላ ነው።»

«አላነሣም!»

ያን ጊዜ ገብረአብ ጦሩን አጠገቡ ለቆመው ሰው ሰጠና ቀረበ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ የነበረ ሰው አሁን በዝግታ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ እኔ ባለደም ነኝ። ልጅቱን ልገድል ነው የመጣሁት። ንጹሕ ከሆኑ ያሳዩኝና እግርዎን ስሜ ልሂድ።»

ባላምባራስ አልተንቀሳቀሱም። ገብረአብ እጁን ሰድዶ ኩታውን ገለጠው።

ቀኝ ዓይናቸው እንደ ሌላው ሰው በብርሃኑ ጠበበ። የግራው ብሌን አልጠበበም። ዓይኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ፀሐይዋን እያየ ፈጥጦ ቀረ። ደጅ ተሰብስበው የነበሩት፣ ሌሊቱን ከወለተሐና ራስጌ ያደሩት ሴቶች ሲያዩት ጮኹ። ያን ዓይን ያውቁታል።

«ለእርሷ አልነበረም» አሉ ባላምባራስ።

«ለማን ነበር?» አሉ ወይዘሮ እናናየሁ።

ባላምባራስ አበባው በደኅናው ዓይናቸው ኃይለሚካኤልን አዩት፤ ልጁም አያቸው።

ገብረአብ ወደ በሰለች ሄደና የእጇን ገመድ ፈታ። አንዳንዱ ቋጠሮ ጠብቆ ነበርና በጥርሱ ሳይቀር ታገለው። «ይቅር በይኝ፣ እኅቴ» አላት። ከዚያ በዚያው ገመድ ባላምባራስን አሰረና የኩታቸውን ጫፍ ከራሱ ጋቢ ጋር ቋጠረ። እንዲህ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ሊሄዱ ነው። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገባች።

* * *

ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ እናናየሁ በሰለችን አስጠሯት።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ያስወጡኛል ብላ ነው፣ እመቤቴ። ‹ያለ አፍንጫ ማን ይፈልገኛል› ትል ነበር።»

«አላስወጣትም ነበር።»

በሰለች መሬት መሬት አየች።

የኃይለሚካኤል መንገድ አንድ ሳምንት ዘገየ። በተከተለው ረቡዕ በሰለች ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የቅመም ቤቱን በር ግማሹን ከፈተች። ድንብላሉን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ኮረሪማውን በተራቸው አመሰች፤ ወቀጠች፤ ነፋች። የተመረዘው ቅል ተቃጥሏልና አዲስ ቅል ሞላች። ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ እናናየሁና ልጃቸው ወደ ደጃፉ መጡ። ሙሳም ከአህያው ጋር ከኋላ ቆመ። በሰለች ቅሉን ከፍ አድርጋ አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ የቆመው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ «ደረሰ» ሳትል አፉን በቀይ ክር አሰረችው።

በቅመም ቤቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ከረጢቶች፣ ሁለት ወንፊቶች፣ አንድ ሙቀጫና አንድ ብረት ምጣድ አሉ። መደቡ ተነጥፏል። ወለተሐና የለችም።